ያደረ እንግዳ አንድ ጭስ ነው

ጎጆዋ የምትቀሰቅሳቸው ሁልጊዜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ መጋረጃውን ትገልጣለች፤ ቀጥላ የሻይ ውሃ ታፈላለች፤ ከዚያ በለሰለሰ ድምጿ ትናገራለች። «እንደምን አደራችሁ። ዛሬ ሃያኛ ቀናችሁ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ እንነሳለን።»

«ድፍት ያርግሽ!» አለቻት ይርገዱ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ።

«ኧረ ተይ፣ እኛም እኮ ሆዷ ውስጥ ነን» አለ ባሏ ልሳነወርቅ።

እንዲህ ሲባባሉ ስድስት ዓመት ሆናቸው። ልሳነወርቅ ደብረ ብርሃን ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው፤ ይርገዱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ጡረታ ሲወጡ የቤት ኪራይ የማይቀመስ ሆነባቸውና እንደ እኩዮቻቸው ሁሉ ጎጆ ወጡ። ድሮ ጎጆ የሚወጣው ሙሽራ ነበር። በሁለት ሺህ ስልሳዎቹ ግን ጎጆ የሚወጣው ጡረተኛ ነው፤ ጎጆ የሚባለውም አልጋና ምድጃ ያለው፣ ራሱን የሚነዳ መኪና ነው። ደንቡ አንድ ነው፦ ማንም አንድ ቦታ ከአሥር ቀን በላይ አይቆምም። ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቀው ደግሞ ዝርዝሩ ነው፤ የተወዳጅ መዳረሻዎች ዝርዝር። ጎጆዎቹ ዝርዝሩን ያያሉ፣ ክፍት ቦታ ይመርጣሉ፣ ይነሳሉ። ሰዎቹ ሻያቸውን ይጠጣሉ።

መጀመሪያ መጀመሪያ ደስ ይል ነበር፤ ይሄ አይካድም። ላንጋኖ ዋኝተዋል፣ ጎርጎራ ዓሣ በልተዋል፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን መስኮታቸው ድረስ መጥቶ አይቷቸዋል። በሦስተኛው ዓመት ይርገዱ ጉልበቷን ታመመች። ካንዱ ሐኪም ተዋውቃ ሳትጨርስ ጎጆዋ ትነሳለች። በርበሬ የምትበደራት ጎረቤት ለማግኘት ደግሞ አሥር ቀን አይበቃም፤ ሰው ደፍሮ የሰው በር የሚያንኳኳው በአሥራ አንደኛው ቀን ነው።

ልሳነወርቅና ይርገዱ ግን ሃያ ቀን ይፈቀድላቸዋል። ይርገዱ ይህ የተደረገላቸው ስላረጁ ይመስላታል። ባሏ እንደዚያ ነው የነገራት።

«ቀጣዩ መዳረሻችን ዝግባ ሥር ነው» አለች ጎጆዋ። «አምስት ኮከብ። ጉዞው አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል።»

ይርገዱ ጉልበቷን ረስታ ብድግ አለች። «እልልል! አያ ደምሌ ጋ ልንሄድ! ልሳኔ፣ ሰማህ? ይሄን ያህል ዘመን ስለምናት ዛሬ ገና ልብ ገዛች!»

ልሳነወርቅ ሰምቷል። ጎጆዋ ላለፉት ሦስት ዓመታት ዝግባ ሥርን ባመጣች ቁጥር እሱ በስውር ሌላ ቦታ ሲያስመርጣት ኖሯል። ዛሬ ጠዋት ተኝቶ ተቀደመ።

ዝግባ ሥር የደረሱት የዛሬ ሦስት ዓመት በአጋጣሚ ነበር። ድልድይ ተሰብሮ ጎጆዋ በወሎ ደጋ ጥርጊያ መንገድ ስትዞር ውላ፣ ከአንድ ትልቅ ዝግባ ሥር ምንጭ የሚፈልቅበት መንደር ላይ ቆመች። ሠላሳ አራት ቤት ነው። ምንጩን የሚያከፋፍሉት የውሃ አባት አያ ደምሌ ይባላሉ፤ ያኔ ሰማንያ ሊሞላቸው ትንሽ ነበር የቀራቸው። በእጃቸው አንድ የወይራ ዘንግ አለች። ዘንጓን መሬት ላይ ተክለው ጥላዋን ያያሉ፤ ጥላዋ ይህን ያህል እስኪሄድ ውሃው የእገሌ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የእገሊት ነው። ባቄላው፣ ሽንኩርቱ፣ የከብቱ ገንዳ፣ ሁሉም በተራው ይጠጣል። ለያንዳንዱ ቤት ተራው በስምንት ቀን ይደርሳል።

ሕጋቸው ሁለት ነው። ቤት የሚቆጠረው በጭስ ነው፤ ምድጃው የሚጨስ ሁሉ ተራ አለው። ያደረ እንግዳም አንድ ጭስ ነው።

በነጋታው ጠዋት አያ ደምሌ ዘንጋቸውን ከጎጆዋ በር ላይ ተከሉና ውሃው ወደ እነ ልሳነወርቅ በርሜል እንዲዞር አደረጉ። «ተራችሁ ነው» አሉ። ይርገዱ አለቀሰች። በጎጆ ኑሮ ማንም ሰው ተራችሁ ነው ብሏቸው አያውቅም፤ የሚባሉት ጊዜያችሁ አለቀ ነው።

አሥር ቀን ቆዩ። ሊሄዱ ሲሉ አያ ደምሌ ልሳነወርቅን ለብቻው አወጡት።

«ልጄ፣ ዝግባ ሥርን ለወዳጅህ በአፍህ ንገረው። ሰው የነገረው ሰው ያመጣል። ለዚያች ለመኪናህ ግን እንዳትነግራት። እሷ መንጋ ነው የምታመጣብን።»

«እሺ፣ አያ» አለና ጉልበታቸውን ስሞ ተለያቸው።

ሁለት ሰዓት እንኳ አልሄዱም። ይርገዱ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኝታለች፤ በእንቅልፏ ያማት ነበር። ጎጆዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ልሳነወርቅን ጠየቀችው። «የቆዩበት ቦታ እስካሁን በዝርዝሩ የለም። ቢያመለክቱት ሃያኛ ጥቆማዎ ይሆናል። የወርቅ አመልካች ይሆናሉ፤ በየደረሱበት ሃያ ቀን ይፈቀድልዎታል። ስንት ኮከብ ይሰጡታል?»

ሠላሳ አራት ዓመት ማርክ የሰጠ ሰው ነው። ለሰነፍም ለጎበዝም ሳያዳላ ይሰጥ ነበር፤ ለዚህ ቦታ ከአምስት በታች መስጠት ውሸት ነው ብሎ ራሱን አታለለ። የይርገዱን ጉልበት አየ። «አምስት» አለ። በዚህች አንዲት ቃል ሁሉም አለቀ።

ከዓመት በኋላ አርባ ምንጭ ላይ ከአንድ መንገደኛ ሰማ፤ ዝግባ ሥር ውሃ ያጥራል፣ ወረፋው አይጣል ነው አለው። ልሳነወርቅ መታጠቢያ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋና ለዝርዝሩ፣ ውሃው እያለቀ ስለሆነ ሰው እንዳይሄድ ሲል አመለከተ። ዝርዝሩ አመሰገነው። በማግሥቱ ከቦታው ስም ሥር በቀይ እንዲህ የሚል ተጨመረ፦ «ሳያልቅ ይድረሱበት!» የሚሄደው ጎጆ በእጥፍ ጨመረ። ከዚያ ወዲህ ልሳነወርቅ የመንደሩን ስም ሲጠሩበት ይደነግጣል።

አሁን ደግሞ ራሱ እየሄደ ነው። ይርገዱ መንገዱን ሙሉ ለአያ ደምሌ የሰፋችላቸውን ጋቢ ጭኗ ላይ አድርጋ ታወራለች። እሱ መስኮት መስኮቱን ያያል።

ዝግባ ሥር ሳይደርሱ ጎጆዎች ተቀበሏቸው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ፣ ባቄላ በነበረበት ማሳ ላይ፣ ነጫጭ ጣራ እስከ ኮረብታው ተደርድሯል። ጨርቅ ወንበር ዘርግተው የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ ዘፈን፣ የተሰጣ ልብስ።

«ውይ ጉዴ!» አለች ይርገዱ። «ምን ጉድ ነው ይሄ? ማነው ይሄን ሁሉ ሰው የጠራባቸው? እጁ አይባረክ!»

ጎጆዋ ቆመች። ሲወርዱ አንድ ቁምጣ የለበሰ ጎልማሳ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኖ መጣ።

«ይቅርታ ጋሼ... መምህር ልሳነወርቅ አይደሉም? እርስዎ ነዎት! እናንተ፣ ኑ፣ ሰውዬው መጡ!»

መግቢያው ላይ የሰው ቁመት የሚያህል ሰሌዳ ቆሟል። ሰሌዳው ላይ የልሳነወርቅ ፊት አለ፤ ፈገግ ብሏል። ከሥሩ «መጀመሪያ ያመለከቱት፦ መምህር ልሳነወርቅ፣ የሃያ ቀን የወርቅ አመልካች» ይላል። ሰዎቹ ተሰብስበው አጨበጨቡለት። አንዲት ባልቴት እጁን ይዘው «ተባረክ፣ እንዲህ ያለ ገነት አሳየኸን» አሉ። ልሳነወርቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

ይርገዱ አላጨበጨበችም። ሰሌዳውን አየች፣ እሱን አየች፣ ሰው እስኪበተን ጠበቀች።

«አንተ ነህ?»

«ይርጌ...»

«ሃያ ቀኑ በዕድሜያችን አይደለም?»

«ለጉልበትሽ ብዬ ነው» አለ። ከአፉ እንደወጣ ተጸጸተ።

«ጉልበቴን አታስገባብኝ!» አለች። ድምጿ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለው ነበር። «ጉልበቴ ለማንም ቃል አልሰጠም። ቃል የሰጠኸው አንተ ነህ። ይኸው ሦስት ዓመት በሽማግሌ ጉሮሮ ስዝናና ኖሬያለሁ፣ ሳላውቅ!» ጋቢውን ደረቱ ላይ ወርውራ ጎጆዋ ውስጥ ገባች።

ጋቢውን የጎጆዋ ደፍ ላይ አስቀምጦ ብቻውን ወደ ምንጩ ወጣ። ከሠላሳ አራቱ ቤት አሥራ አንዱ ተዘግቷል፤ በሮቹ በሽቦ ታስረዋል። የሽንኩርቱ መደብ ተሰነጣጥቋል። ከዝግባው ሥር ግን ምንጩ አለ፤ እንደ ድሮው ይንፎለፎላል፤ እሱ ምን ያውቃል። ከፊቱ ጄሪካን እስከ መንገዱ ተሰልፏል። አያ ደምሌ ዘንጋቸውን ተክለው፣ ጎበጥ ብለው ጥላዋን ያያሉ።

«ያሥራ ሰባተኛዋ ጎጆ ተራ ደረሰ» አሉ። ከዚያ ቀና ብለው አዩት። «መምህር! በደህና መጣህ? ሚስትህስ፣ ጉልበቷን ተሻላት?»

ይህን አልቻለም። ከምንጩ አጠገብ የጀበና ያህል ድንጋይ አነሳና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ፊታቸው ተንበረከከ። «አያ፣ የበደልኩዎ እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

«አውርደው» አሉ አያ ደምሌ። «ድንጋይ ውሃ አይሆነን።»

«አላወቁም አያ፣ እኔ ነኝ ለመኪናዋ...»

«እንዴት አላውቅም? ፊትህ እታች ተሰቅሎ የለም እንዴ? ሳልፍ ሳገድም ‹እንደምን ዋልክ› እለዋለሁ።» ሊስቁ ፈልገው ነበር፤ ሳል ያዛቸው። «ተነስ አንተ ሰው፣ አታድክመኝ።»

አጠገባቸው ተቀመጠ። ነገሩን በእርጋታ ነገሩት። ያደረ እንግዳ አንድ ጭስ ነውና መቶ ሰማንያ ጎጆ ሲያድር መቶ ሰማንያ ጭስ ሆነ። በስምንት ቀን ይደርስ የነበረው ተራ በአርባ ስምንት ቀን ሆነ። ባቄላ አርባ ስምንት ቀን አይጠብቅም። እሁድ ሰባት ቤት ሊነሳ ነው። ከነሱ አንዷ የራሳቸው ልጅ ናት።

«ወዴት ልትሄድ?»

«ጎጆ ልትገባ» አሉ። «ባለጎማው ውስጥ።»

«አያ፣ ሕጉን ብትለውጡትስ? እንግዳ አይቆጠር ብትሉ?»

«ልጆቹም ይሉኛል። አየህ መምህር፣ አያቴ በክፉ ቀን ከታች አገር ተሰዶ እዚህ ሲደርስ ያደረ እንግዳ አንድ ጭስ ነው ብለው ውሃ ሰጡት። እኔ የዚያ ውሃ ልጅ ነኝ። በየትኛው አፌ ነው አይቆጠር የምል?»

ልሳነወርቅ አንድ መንገድ ብቻ እንዳለ ያውቃል። ከወር በፊት የዝርዝሩን ደንብ ከላይ እስከ ታች አንብቦታል፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። አንድ ቦታ ከዝርዝሩ የሚወጣው መጀመሪያ ያመለከተው ሰው እዚያ ሄዶ እንግድነት ሲከለከል ነው። መከልከሉንም ጎጆዋ በዓይኗ ማየት አለባት። ድርቅ አያስወጣም፣ በሽታ አያስወጣም፤ ንፉግነት ግን ያስወጣል። ዝግባ ሥርን ሲሸሽ የኖረው ቃሉን በማጠፉ አፍሮ ነበር፤ ካነበበ ወዲህ ግን የፈራው ይህችን ቀን ነው።

ነገራቸው። አያ ደምሌ ዘንጋቸውን አዩ።

«ውሃ ከልክዬ ልመልስህ?»

«አዎ፣ አያ።»

«እንግዳ የመለሰ የውሃ አባት ዘንጉን ያስቀምጣል። ዘንጓን ካባቴ ከተቀበልኩ ስልሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ አንድ ሰው አልመለስኩም።»

«አውቃለሁ። ይቅርብዎ፣ ሌላ መላ እንፈልግ» አለ ልሳነወርቅ። ሌላ መላ እንደሌለ ግን ሁለቱም ያውቃሉ።

አያ ደምሌ የተዘጉትን ቤቶች ወደ ታች አዩ። «ዛሬ እደር» አሉ በመጨረሻ። «እንግዳ ሳትሆን ብከለክልህ ለይስሙላ ነው የሚሆነው። አድረህ ጭስ ሁንና ጠዋት እከለክልሃለሁ። በርሜልህንም ባዶ አድርገው፤ ካደረግነው አይቀር የእውነት ይሁን።»

በማግሥቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎጆዋ መጋረጃውን ገለጠች፤ የሻይ ውሃ ግን አልነበረም። ልሳነወርቅ ሌሊቱን ይርገዱን ጎጆዋ ከማትሰማበት ደጅ አውጥቶ ሁሉን ነግሯታል። ነጠላዋን ለብሳ አብራው ወጣች። ጎጆዋ እስከ ምንጩ ተከትላቸው መጣች፤ ግንባሯ ላይ ያለው ዓይን በርቷል። ወረፋ የያዙት ሰዎች መምህሩን አይተው መንገድ ለቀቁለት።

ልሳነወርቅ ባዶ ጄሪካኑን ይዞ ቆመ። «እንደምን አደሩ፣ አያ። ውሃ ፈልጌ ነበር።»

«እንደምን አደርክ ልጄ፣ ቅዳ» አሉ አያ ደምሌ።

ከአፋቸው ነው ያመለጣቸው። የስልሳ ሁለት ዓመት አፍ ነው፤ ማን ይይዘዋል። ያሉትን ሲያውቁት ደነገጡ። ልሳነወርቅ ጄሪካኑን ወደ ምንጩ አላስጠጋም። እንዳልሰማ ሆነ፤ ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ መልስ ሲስት እንዳልሰማ ሆኖ እንደገና የጠየቀ ሰው ነው።

«አያ፣ ውሃ ፈልጌ ነበር» አለ ደግሞ።

አያ ደምሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «የለም» አሉ። ከኋላቸው ምንጩ ይንፎለፎላል። «ላንተ ውሃ የለም። ከዚህ አገር ውጣ።»

ዓይናቸውን ሲከፍቱ ወደ ማንም አላዩም። ዘንጓን ከመሬት ነቀሉ፣ ዝግባው ላይ አስደገፏት፣ ባዶ እጃቸውን ወደ ቤታቸው ወጡ። ልሳነወርቅ ያለ ዘንግ ሲራመዱ አይቷቸው አያውቅም ነበር፤ እግራቸው መንገዱን እየፈለገ ነው የሚሄደው።

ከወረፋው አንዱ «ወይ ንፉግነት!» አለ። «ውሃው እየፈሰሰ!» አለ ሌላው። ትናንት የልሳነወርቅን እጅ ይዘው የመረቁት ባልቴት «የበሉበትን ወጪት ሰባሪ፣ መምህሩን የመሰለ ሰው ይመለሳል?» ብለው ወደ አያ ደምሌ ቤት ጮኹ። የስድቡን ባለቤት ልሳነወርቅ ያውቀዋል፤ ሽማግሌው ግን ዞር ብለው አላዩም።

ከዚያ ጎጆዎቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ድምፅ አሰሙ። ይህ ቦታ ተወዳጅነቱ ስለተሰረዘ በሃያ ደቂቃ እንነሳለን አሉ። ሰው የተሰጣ ልብሱን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን እየሰበሰበ ገባ። ሰሌዳው ላይ የነበረው የልሳነወርቅ ፊት ጠፋ፤ ነጭ ሆነ። መቶ ሰማንያ ጎጆ እንደ ቀብር ሰልፈኛ ተከታትሎ ወረደ።

የእነ ልሳነወርቅ ጎጆ መጨረሻ ላይ ነበረች። ይርገዱ መስኮቱ ጋ ተቀምጣለች፤ ከትናንት ጀምሮ አላናገረችውም። ከንፈሯ ደርቋል። እስከ ቀጣዩ ውሃ ሦስት ሰዓት መንገድ ነው።

የመጨረሻውን ቤት ሊያልፉ ሲሉ መንገዱ ዳር አንድ ሰው ቆሞ አየ። አያ ደምሌ ናቸው። ትከሻቸው ላይ ይርገዱ የሰፋችው ጋቢ አለ፤ ማን እንዳደረሰላቸው ለመጠየቅ ልሳነወርቅ አልደፈረም። በሁለት እጃቸው አንድ ቅል ውሃ ይዘዋል፤ ሞልቶ እጃቸው ላይ ይፈሳል። ዘንግ የላቸውም። የውሃ አባትም አይደሉም፤ እንግዳው ሳይጠጣ የሄደበት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ቅሉን ወደ መስኮቱ ዘረጉ።

የጎጆዋ ዓይን አሁንም በርቷል። ከተቀበለ መከልከሉ ውሸት ይሆናል፤ ዝግባ ሥር ወደ ዝርዝሩ ትመለሳለች።

«ልሳኔ» አለች ይርገዱ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ውሃ ይዘውልን ነው።»

«አይቻለሁ።»

«ሰላም እንኳ አትላቸውም?»

እጁን አላነሳም። መስኮቱን አልከፈተም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ በጎን እያያቸው አለፈ፤ እሳቸውም ቅሉን እንደዘረጉ ቀሩ። ይርገዱ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። እሱም አለቀሰ፤ ድምፁን ግን ጎጆዋ እንዳትሰማው ዋጠው።

መታጠፊያውን ሲያልፉ ጎጆዋ በለሰለሰ ድምጿ ተናገረች። «ዝግባ ሥር ከዝርዝሩ ወጥቷል። ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን። በምትኩ የሚያመለክቱልን ሌላ የሚወዱት ቦታ አለ?»

ልሳነወርቅ ባዶ ጄሪካኑን እግሩ ሥር አስቀመጠ።

«የለም» አለ።